በመጋቢት የሚታይ አትክልት
ስለ ቅርጻ ቅርጽ፣ ስለ አገር በቀል ተክልና ስለ ውኃ ለጫግኒ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ስለ ውኃ ቁጠባ ለመናገር ጫግኒን መምረጤ የሚያስቃችሁ ሰዎች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዚህ አገር የሚቸግረው ውኃ ማግኘት ሳይሆን ከውኃ ማምለጥ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ የአርዲና የዱራ ወንዞች ይሞላሉ፣ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲደበደብ ያድራል። ዝናብ ለጠገበ ሕዝብ ድርቅ ስለሚችል ተክል ማውራት ከግብር ለተነሣ ሰው ስለ ቆሎ እንደማውራት ነው የሚል ካለ አልቀየመውም።

ዳሩ ግን ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አብሮን አይከርምም። ከግንቦት ወዲህ የያዘውን ሁሉ አራግፎ ጥቅምት ላይ ይሰናበታል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ግማሽ ዓመት የፀሐይ ነው። የእኛ ጣጣ የውኃ ማነስ ሳይሆን ውኃው በአንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጊዜ መሄዱ ነው። ስለዚህ እኔ የአትክልት ስፍራን የምመዝነው በመስከረም አይደለም። በመስከረም የማያምር ምን አለ? የመንገድ ዳር ቦዩም ያብባል። አትክልተኛውም ተክሉም የሚፈተኑት በመጋቢት ነው።

ይህን የመጋቢት ሚዛን ይዤ ዛሬ ላነጋግራችሁ የመጣሁት ነዋሪው በገዛ እጁ ስለሚሠራው፣ በአገር በቀል ተክል ስለሚሸፈንና በየመሐሉ ቅርጻ ቅርጽ ስለሚቆምበት የጋራ አትክልት ስፍራ ነው። ቅርጻ ቅርጽና ተክል ለምን አንድ ላይ እንደሚሄዱ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን የለመድነውን ዓይነት መናፈሻ ልክሰስ።

ብዙዎቹ የከተሞቻችን መናፈሻዎች አንድ መልክ አላቸው። መሐል ላይ የሲሚንቶ ጀበና ወይም አንበሳ፤ ዙሪያውን ሣር፤ ዳር ዳሩን በመቀስ የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ፤ ከዚያ የብረት አጥርና «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ። ሪባን የተቆረጠበት ቀን ዓይን ይማርካል። ጥር ላይ ሣሩ መገርጣት ይጀምራል፣ የካቲት ላይ ቦቴ ይጠራል፣ በሦስተኛው ዓመት ቦቴውም በጀቱም ይቀርና የአንበሳው ቀለም ተልጦ ፍየል ያድርበታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በበጋ ፀሐይ ልምላሜውን እንዲጠብቅ የተፈለገ ሣር በቀን በካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ውኃ ይጠጣል። የመናፈሻው ሣር 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆን 5,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 250 ጀሪካን መሆኑ ነው፣ ያውም በየቀኑ። ሴቶች ቦኖ ላይ ተሰልፈው ውኃ በሚቀዱበት አገር፣ ከብት የማይበላው፣ ሰው እንዳይረግጠው የተከለከለ ሣር ላይ በቀን 250 ጀሪካን ማፍሰስ ነውር ነው። ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

የሰማዩን ሒሳብ ደግሞ እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል አንድ ሊትር ነው። 1,500 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ዓመት 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 150,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው በትነትና በፍሳሽ ቢባክን እንኳ 120,000 ሊትር በአሸንዳው ይወርዳል። ይህን የሚይዝ ሮቶ ማን ይገዛል? ማንም። ነገር ግን ከሮቶ ሁሉ የሚሰፋና የሚረክስ ማጠራቀሚያ ከእግራችን ሥር አለ፤ አፈሩ ነው። ብስባሽ የበላ፣ ጉዝጓዝ የለበሰ፣ ቁልቁለቱ በእርከን የተሰበረ አፈር የነሐሴን ውኃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ያን ውኃ በየካቲት ከጥልቀት ስቦ የሚያወጣ ሥር ያለው ተክል ካገኘን ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው።

በሩቅ አገርም ሰዎች ወደዚሁ ሐሳብ የመጡት በችግር ነው። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የውኃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ለነዋሪዎቹ ውኃ ቆጣቢ የአትክልት አያያዝ ያስተምር ጀመር፤ አስቀድሞ ማቀድ፣ አፈሩን ማዳበር፣ ለአየሩ የሚስማማ ተክል መምረጥ፣ ሣሩን ማሳነስ፣ ውኃን በልክ ማጠጣት፣ ማጎዝጎዝ፣ መንከባከብ። የእኛው የአዊ ገበሬ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ምን ስንሠራ ኖርን?» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ እነሱ ለማማሪያ ያደረጉትን እኛ ለእህል ብቻ መተዋችን ነው፤ ለማማሪያ ሲሆን የውጭ ሣር እንገዛለን።

ወደ ተክሉ እንግባ። የዕፅዋት ሊቃውንት በኢትዮጵያ 6,000 ያህል ዝርያ እንዳለ፣ ከመቶ 10 ያህሉም ከዚህ አገር በቀር የትም እንደማይበቅል ይናገራሉ። ይህን ለማወቅ የአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ፈጅቷል፤ እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተፈጸመው። ከዚህ ሁሉ ሀብት ለከተማ መናፈሻ የምንመርጠው ግን ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ነው። የመጀመሪያው ከደቡብ አሜሪካ፣ ሁለተኛው ከአውስትራሊያ፣ ሦስተኛው ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ናቸው።

ጫግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ስለዚህ ለደጋዋ እንጅባራ የሚሆነው ሁሉ ለእኛ አይሆንም። ኮሶ እንጅባራ ላይ ይመር፤ ቀጋም፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ ቢሆንም፣ ከፍ ያለውን አገር ይወዳል። የእኛ ሰዎች ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ፣ ዋርካ፣ ዶቅማ፣ ብርብራና ቆርች ናቸው። ዋንዛ ክረምቱ እንደወጣ ነጭ በነጭ ይሆናል። ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ ሐምራዊ ያብባል፣ ለጥላም ይሆናል፣ የፍሬውን ዱቄት ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ለማደንዘዝ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ብሳና አሮጌ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ብርቱካናማ ያደርገዋል። ቆርችን ግን ለብቻው ላንሣው። ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ፣ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ፣ ሁሉ ነገር አቧራ በለበሰበት ወራት ያንን ቀይ አበባ ይዞ ብቅ ይላል። የበጋን ድምቀት የሚያውቅ ዛፍ በእጃችን እያለ ለበጋ ድምቀት ሣር እናጠጣለን።

ከዛፎቹ ሥር ክትክታ፣ አጋም፣ ሬት፣ እንዳሁላ ይግቡ። ክትክታ ድንጋይ ከላዩ በማይነሣ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቫዝሊን የተቀባ የሚመስል ቁጥቋጦ ነው፤ ያ ቅባት ውኃው ተንኖ እንዳያልቅ ይከላከላል። ሬትና እንዳሁላ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አላቸው። ሌላው ተክል ቀን የቅጠሉን ቀዳዳ ከፍቶ አየር ሲያስገባ ውኃው በዚያው ይወጣበታል፤ እነዚህ ግን ቀኑን ዘግተው ይውሉና ሌሊት፣ ቅዝቃዜ ሲገባ፣ ይከፍታሉ። የሌሊቱን አየር አምቀው ቀን በብርሃን ይሠሩበታል። አደይ አበባ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል፤ በጋውን በዘርነት ተኝቶ ያልፈዋል። ቁልቋልም ያምራል፣ ውኃም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ያጠፋልና ልጆች ከሚሯሯጡበት ራቅ ይበል።

እዚህ ላይ «አገር በቀል፣ አገር በቀል አትበሉን፣ የውጭ ዛፍ ነው ያበላን» የሚል የፋግታ ለኮማ ወረዳ ሰው ቢኖር መልስ ይገባዋል። ያበላው ዲከረንስ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። የአዊ ገበሬ በደከመ መሬቱ ላይ ተክሎት፣ በመጀመሪያው ዓመት መሐሉ ጤፍ ዘርቶ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል አክስሎ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል። ይህን የሚንቅ ሰው የተራበ መሬት አላየም። ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን ዋግ ሲመታው ሰፊ ሰፊው ተክል አንድ ላይ ነው የተመታው፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዝርያ ነበር። ለገንዘብ የሚተከልና ለጋራ የሚተከል ዛፍ በአንድ ሕግ አይተዳደሩም። የጋራው ስፍራ ብዙ ዓይነት ይዞ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚቆምበት መሆን አለበት።

አገር በቀሉን ማፍላት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ባሕር ዛፍ ለምደን ተበላሽተናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ የሥራ ዘመናቸውን አገር በቀል ዛፎችን እንዴት ማብቀል እንደሚቻል በመመርመር አሳልፈዋል፣ መጽሐፍም ጽፈውበታል። ወይራን ብንወስድ ፍሬው ውስጥ ያለው የዘሩ ሽፋን እንደ አጥንት የጠጠረ ነው፤ ዝም ብሎ የተዘራ ወይራ አብዛኛው አይበቅልም፣ ውስጡን ሳይነኩ ቅርፊቱን ሰበር ማድረግ ያስፈልጋል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች «አገር በቀል አስቸጋሪ ነው» ሲሉ ሰነፍ ናችሁ አትበሏቸው፤ ጊዜ ስጧቸው።

አሁን ቅርጻ ቅርጹ። ተክልና ቅርጽ አንድ ላይ የሚሄዱበት ምክንያት እንዲህ ነው። ከላይ የቆጠርኳቸው ተክሎች በክረምት ይንዠረገጋሉ፣ በበጋ ይሳሳሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ ስፍራው ባዶ ይመስላል፤ ከንቲባውም ጎብኚውም ተደናግጦ «ውኃ አጠጡ» የሚለው ያኔ ነው። ቅርጻ ቅርጽ ግን ውኃ አይጠጣም። በነሐሴ ከቅጠል ኋላ የተደበቀው የድንጋይ ወይም የሸክላ ምስል በየካቲት ብቅ ይላል፤ የበጋው ፀሐይ ጥላውን መሬት ላይ ይጥልለታል። ክረምቱን ተክሉ፣ በጋውን ቅርጹ ይይዘዋል። ስፍራው ሁለት መልክ ኖሮት ሁለቱም መልክ ያለ ቦቴ ያምራል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። አዲስ አበባ የሄዳችሁ ሰዎች መካኒሳ አካባቢ ያለውን ዞማ ሙዚየም እዩት። የሠሩት ሠዓሊና ቀራጺው ኤልያስ ስሜ እና የሥነ ጥበብ አጋፋሪዋና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ወስዷል። ቦታው ቆሻሻ ሲጣልበትና ፍሳሽ ሲወርድበት የኖረ ስለነበር መጀመሪያ መሬቱን ማከም ነበረባቸው። ግድግዳው ጭቃ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት፣ ጭድ ገብቶበት እየተረገጠ የሚቦካ ጭቃ። ልዩነቱ ግድግዳው ዝም ያለ ግድግዳ አለመሆኑ ነው፤ የጣት አሻራ በሚመስል ጠመዝማዛ መስመር ከላይ እስከ ታች ተቀርጿል። ቤቱ ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ሆኗል። ዙሪያው ጎመኑ፣ ዕፀ ጣዕሙ፣ ዛፉ ነው፤ ላም አለ፤ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ የሚማሩት እዚያው አፈር ላይ ነው።

ከዞማ የምወስደው የጭቃውን ውበት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ከሥራው በፊት በየገጠሩ ዞረው የአገሩ ግንበኛ እንዴት እንደሚሠራ አጥንተዋል፤ ዕውቀቱን ይዞ የኖረው መራጊ፣ ማገር አሳሪ፣ ድንጋይ ጠራቢ መሆኑን አምነዋል። ኤልያስ በሌላው ሥራውም እንዲሁ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚያገኘውን ያረጀ የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ሽቦና አዝራር እየገጣጠመ የሚሠራቸው ትላልቅ ሥዕሎች በዓለም ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቅርጽ ለመሥራት ነሐስ ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አይደለም።

ከእሱ በፊትም በሌላ አገር አንድ ሰው ይህን አሳይቷል። በህንድ ቻንዲጋር ከተማ ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ፣ ከተማዋን ለመሥራት ከፈረሱት መንደሮች የተረፈውን ስብርባሪ እየለቀመ፣ ከመንግሥት ተደብቆ ጫካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን አቆመ። ሲደረስበት ሹሞቹ ሊያፈርሱት አሰቡ፤ ሕዝቡ ወደደውና በ1976 በይፋ ተከፈተ። ሰውየው የቀጠረው ኩባንያ አልነበረም፣ ጨረታም አላወጣም።

የእኛም አገር ይህን ከሌላ መማር አያስፈልገውም። ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ለዛሬው ርእሳችን ግን ከሁሉም የቀረበው ኮንሶ ነው። ኮንሶዎች ዝናብ በሚያጥረውና ድንጋይ በሚበዛው ተራራቸው ላይ ከ400 ዓመት በላይ እርከን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሀርዳ የሚሉትን ኩሬ ቆፍረው የዝናብ ውኃ ያቁራሉ፤ ድርቅ የሚችለውን ሽፈራው በጓሯቸውና በእርከኑ ላይ ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበላሉ። በዚያው መልክዓ ምድር ላይ ለሞተ ጀግና ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ይጠርባሉ፣ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብም በመንደሩ አደባባይ ድንጋይ ያቆማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው እርከኑን ለብቻ፣ ምስሉን ለብቻ አይደለም፤ አንድ ላይ ነው። የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ስፍራ ማለት እኮ ይኸው ነው። ስም ስላላወጡለት አላየነውም። አንድ ማስጠንቀቂያም ከኮንሶ አለ፤ ሜዳ ላይ የቆሙ ዋካዎች በሌባ እየተነቀሉ ለነጋዴ ተሸጠዋል፣ የተረፉትን ለመጠበቅ ካራት ከተማ ላይ ሙዚየም መሥራት አስፈልጓል። ጠባቂ የሌለው ቅርጽ አይከርምም።

ወደ ራሳችን ደጅ ስንመለስ ስለ ተክሉ የሚያስተምረን የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንቶ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል አግኝቶባቸዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ይህን ያህል ዝርያ በጥቂት ሄክታር ላይ የተረፈው ሰው አክብሮ ስላልቆረጠው ነው። ግን ከብት አያከብርም። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሥራቸው ላይ ችግኝ እየጠፋ ነበር። መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆነ፤ ገበሬው ከማሳው የሚያስቸግረውን ድንጋይ ለቅሞ ያመጣል፣ ማሳው ይጠራል፣ ደኑ ይከበራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ካቡ ከተሠራ በኋላ ችግኝ መብቀል ጀመረ። አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ያለው 705 ሄክታር የዕፅዋት ማዕከል ትልቅ ሥራ ነው፤ ለጫግኒ ልክ የሚሆናት ግን ይህ ካብ ይመስለኛል።

እንግዲህ እዚህ ቢሠራ ከምን ይሠራ? አገሩ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ዘንገናና ጥርባ ሐይቆች ያሉበት ጉድጓድ ይመሰክራል። ጥቁሩ ድንጋይ አያልቅብንም፤ ለመጥረብ ይጠነክራል፣ ከተጠረበ ግን ዝናብ አይነካውም። ጭቃው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የዞማን ጭቃ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ያዋርደናል። የሐምሌ ዝናብ እዚህ አይምርም። የጭቃ ምስል ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ፣ ከላዩ ሰፊ ክፈፍ ያለው የሣር ክዳን፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አዲስ ምርጊት ይፈልጋል። የዓመቱ ምርጊት ሸክም ነው የሚል ይኖራል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ በየዓመቱ እጅ የማይነካው ነገር የማንም አይሆንም። ቀርከሃም አለን። የእንጅባራው ደገኛ ውስጡ ክፍት ነው፣ ወደ መተከል የሚበቅለው ቆለኛ ድፍን ነው፤ ለምስል ቆለኛው ይሻላል። ምስጥ እንደሚበላው ግን አውቃችሁ ግቡበት፤ የቀርከሃ ምስል ለጥቂት ዓመት ነው፣ ሲወድቅ ሌላ ወጣት ሌላ ይሥራ።

የሚሠራው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በዚህ አገር ጭቃን ወደ ቅርጽ የሚለውጡት፣ ብረትን የሚያቀልጡት፣ ቆዳን የሚያለሰልሱት ሰዎች ቡዳ ሲባሉ፣ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ከቋንቋችን አልወጣም። ሸክላ ሠሪዋ ገበያ መጥታ ጀበናዋን የምትሸጥበት ከተማ ውስጥ ከሌላ ከተማ በጨረታ የሲሚንቶ ጀበና ሠሪ ማምጣት ምን ማለት ነው? የመጀመሪያዋ ቀራጺ እሷ ትሁን። ስሟም በሥራዋ ሥር ይጻፍ፤ ክፍያዋም ለኮንትራክተር ከሚከፈለው አይነስ።

ምን ይቀረጽ የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ሐሳቤን ግን ልጣል። ፈረስ መቆሙ አይቀርም። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር ያቆመ፣ ጥር 23 ቀን ሜዳውን በፈረስ የሚያንቀጠቅጥ ሕዝብ ፈረስ አትቅረጽ አይባልም። ብቻ ፈረሱ ብቻውን አይቁም። ጫግኒ የመንገድ ከተማ ናት፤ አገው፣ አማራ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ ገበያዋ ላይ ይገናኛል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖች ራንች በተባለው ስፍራ ሲጠለሉ ያበላችና ያለበሰች ከተማ ናት። ምስል የአንዱን ቁስል በሌላው ላይ ለመጻፍ ከዋለ፣ ስፍራው ያለ ውኃም ይሰነጠቃል። ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ በሬ፣ ወፍ፣ ድስት፣ ምንም የማይመስል ቅርጽም ቢሆን ይቁም። ልጆች የሚወጡበት ምስል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ «አትንካ» የሚል ሰሌዳ ከማንኛውም ቅርጽ ሥር ማየት አልፈልግም።

ስለ አሠራሩ አጠር ላድርግ። በግንቦት እርከኑና ጉድጓዱ ይዘጋጅ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ አሸንዳ ወደ ቦታው ይመለስ። ችግኙ በሰኔ መጨረሻ፣ መሬቱ ከራሰ በኋላ፣ ይተከል። ጥቅምት ላይ፣ እርጥበቱ ሳይሄድ፣ ሥሩ ሁሉ በደረቅ ሣርና በአገዳ ይጎዝጎዝ። አገር በቀል ስለሆነ ውኃ አይፈልግም ብሎ መተው ግን ብዙ ችግኝ ገድሏል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ይጠጣ። 200 ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ቢደርሰው 2,000 ሊትር፣ ማለትም 100 ጀሪካን ነው። ያ የ1,000 ካሬ ሜትር ሣር በዚያው ሳምንት 1,750 ጀሪካን ይፈልግ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ችግኙ ከጡት ይጣል፤ የማይችለው ይሙት፣ በቦታው የቻለው ዓይነት ይተካ።

ምረቃውን በሚመለከት አንድ ልመና አለኝ። ባለሥልጣን ጋብዛችሁ ሪባን የምታስቆርጡ ከሆነ በመስከረም አታድርጉት፤ በሦስተኛው ዓመት መጋቢት አድርጉት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበርድ። ያኔ ቆሞ የተገኘው ቆርችና ቆሞ የተገኘው ምስል ይመረቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የከብቱ ጉዳይ ነው። ካቡ ወገብ ድረስ ቢሆን በሬ ያቆማል፣ ፍየል አያቆምም። ከካቡ ውስጥ አጋም በጥቅጥቅ ቢተከል እሾሁ ያግዛል፣ ፍሬውንም ልጆች ይለቅማሉ፤ እስኪደርስ ግን ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። በዚያ መሐል ልቅ ግጦሹን ማን ይከልክል፣ የገባውን ፍየል ማን ይያዝ፣ ቅጣቱስ ለማን ይግባ? ይህን ቀበሌው ብቻውን አይወስነውም፤ ባለፍየሉ ያልፈረመበት ሕግ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ከዚያ ወገን እንጀምር፤ ፍየል ያላችሁ ሰዎች እጃችሁን አውጡና ተናገሩ፣ እኔ ልቀመጥና ልስማ።